የመሪ ራክ ሮንዴላ አገባብ፦ ጎማው ሳይፋቅ፣ መሪው ሳይቆለፍ

ጎንደር ውስጥ ጎማው ይበልጥ እንዲታጠፍለት መሪው ራክ ላይ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ያስገባ ሰው ትንሽ ቆይቶ ይዞት የሚመጣው ቅሬታ ከሦስት አያልፍም። ወይ «ጎማው እየፋቀ ነው» ይላል። ወይ «መሪው ጥግ ይዞ አልመለስ አለኝ» ይላል። ወይ ደግሞ «ብሬን ከሰከስኩ እንጂ ምንም ለውጥ የለም» ይላል። የሦስቱም ምንጭ አንድ ነው። ሮንዴላው የተቆረጠው መኪናው ሳይለካ ነው። ጓደኛው «5 ሚሜ አስገባ» አለው፣ እሱም 5 ሚሜ አሠራ።

ስለዚህ እዚህ ብዙ የምንቆየው መለካት ላይ ነው። መፍታትና ማሰሩን ቁልፍ መያዝ የለመደ ሁሉ ይችለዋል።

ሮንዴላው ምን ይሠራል?

መሪውን ስታዞር ራኩ (መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው አግድም ክፍል) ውስጥ ያለው ጥርሳም ዘንግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። የሚያቆመው ጫፉ ላይ የታሰረው የውስጥ ቴስቲና (የራኩን ዘንግ ወደ ጎማው ከሚሄደው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) ነው። የቴስቲናው ወፍራም ራስ ከራኩ ቤት አፍ ጋር ሲገጥም መሪው ጥግ ያዘ ማለት ነው። በዘንጉና በቴስቲናው መካከል 3 ሚሜ ሮንዴላ ስታስገባ ራሱ 3 ሚሜ ወደ ውጭ ይገፋል። ዘንጉም 3 ሚሜ አልፎ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው።

ትርፉን አታጋን። የውጭ ቴስቲናው (ጎማው በኩል ያለው መገጣጠሚያ) የሚታሰርበት የጎማ ተሸካሚው ክንድ 120 ሚሜ ርዝመት ቢኖረው፣ 3 ሚሜ ሮንዴላ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ያህል ይጨምርልሃል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 2.5 ሜትር ያህል ያለው ትንሽ መኪና 35 ዲግሪ የሚታጠፈው ጎማው 37 ቢደርስ፣ መኪናው የሚዞርበት ክብ ዲያሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ ለመዞር አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ማለት ይተርፍሃል። ቪዲዮ ላይ እንዳየኸው መኪና ጎማህ ተጠማዞ በጎን የሚንሸራተት ከመሰለህ ግን እሱ ሌላ ሥራ ነው፤ በሮንዴላ ብቻ አይመጣም።

መጀመሪያ፦ መኪናህ ይህን ሥራ ይቀበላል?

ቁልፍ ሳታነሳ ከሥር ገብተህ እይ።

— መሪው ራክ ነው ወይስ ሳጥን? ላንድክሩዘር 70ና አይሱዙ ኤንፒአር የመሰሉት መሪያቸው በሳጥንና በረጅም ዘንግ የሚሠራ ነው። ለእነሱ ይህ መመሪያ አይሆንም።

— መሪውን ጥግ አስይዝና የሚያቆመውን ፈልግ። አንዳንድ መኪና ላይ የጎማ ተሸካሚው የራሱ ማቆሚያ ብሎን አለው። ቀድሞ የሚገጥመው እሱ ከሆነ ራክ ላይ የምታስገባው ሮንዴላ ለውጥ አያመጣም።

— የሚጎትተው የትኛው ጎማ ነው? እንደ ቪትዝና ያሪስ የፊት ጎማ የሚጎትት ከሆነ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ገደብ አለው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ከ3 ሚሜ አትለፍ። ብዙ ጊዜ 2 ይበቃል። የኋላ ጎማ የሚጎትት ከሆነ ቦታ ይኖርሃል፤ እዚያም ቢሆን ቁጥሩን የሚነግርህ መለኪያው ነው።

— ቴስቲናው ወይም የታችኛው ብራቾ (ጎማ ተሸካሚውን ከሻሲው ጋር የሚይዘው ክንድ) ልል ነው? ያረጀ መሪ ላይ ሮንዴላ አይገባም። መጀመሪያ የላላውን ቀይር።

ደረጃ 1፦ ዕቃ አዘጋጅ

ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (መኪናው ተነስቶ የሚደገፍበት ብረት)፣ ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል የሚገታ)፣ የጎማ ቁልፍ፣ የተሟላ ቁልፍ፣ ቶርክ ቁልፍ (በልክ የሚያጠብቅ)፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ነጭ ቀለም፣ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ)፣ ግራሶ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ደብሊውዲ 40። የውስጥ ቴስቲናውን ለመፍታት ሰፊ አፍ ያለው ቀጭን ቁልፍ ያስፈልጋል። ከሌለህ የቧንቧ ሠራተኛ የሚይዘው ጅራቱቢ ይሠራል፤ የቴስቲናውን ራስ ብቻ ይያዝ እንጂ ዘንጉን አይንካ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ግዛ። አንዱ ለራኩ ጎማ ሽፋን (የውስጥ ቴስቲናውን ለሸፈነው ላስቲክ) አዲስ ፋሼታ፣ ማለትም ማሰሪያ፣ ነው። ሁለተኛው ቴስቲናው ላይ የሚታጠፈው ባለጥፍር መቆለፊያ ሮንዴላ ነው። እሱ አንዴ ከተቃና እንደገና አይታመንም። ጎንደር ካጣኸው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣ። መኪናው ከተፈታ በኋላ ፍለጋ አትጀምር።

አንድ እፍኝ ጠንካራ ሊጥም ከወጥ ቤት ጠይቅ። ቀልድ አይደለም፣ ደረጃ 3 ላይ ያስፈልግሃል።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና አነሳሱን አስተካክል

የጎንደር ግቢ አብዛኛው ተዳፋት ነው። ተዳፋት ላይ መኪና አንስተህ ከሥሩ አትግባ። ሜዳ ያለው ጓደኛ ከሌለህ አዘዞ አካባቢ ደልዳላ ቦታ አታጣም። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ክሪኩ ድንጋዩ መገጣጠሚያ ላይ ይንሸራተታል። ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ አድርግ።

1. መሪውን ቀጥ አድርገህ አቁም። የእጅ ፍሬን ሳብ።
2. ለሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ።
3. የፊት ጎማዎቹን ዳዶ መሬት ላይ እያሉ አላላ።
4. ሁለቱንም የፊት ጎማ አንሳና ካቫሌቶ ላይ አስቀምጥ። አንዱን ጎማ ብቻ አንስተህ አትሥራ፤ መሪው በነፃ አይዞርም፣ መለኪያህም ይዋሻል።
5. መኪናውን በጎን ገፋ ገፋ አድርገው። ከተነቃነቀ አውርደህ እንደገና አንሳ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። «ለአንድ ደቂቃ ነው» እያልክ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግባ።

ደረጃ 3፦ ለካ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። አራት ነገር ታያለህ። ከአራቱ ትንሹን ቁጥር የሚፈቅደው የሮንዴላህን ውፍረት ይወስናል።

ሀ. የጎማው ቦታ

ጎማው እንደታሰረ መሪውን ወደ አንድ ወገን ጥግ አስይዝ። ጎማው በጣም የሚቀርበው ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ፈልግ፦ ለታችኛው ብራቾ፣ ለባራው (መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ)፣ ለፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ፕላስቲክ ወይስ ለሻሲው። መሪውን ትንሽ መልስ። ሊጡን በቀረበው ቦታ ላይ ለጥፍ። እንደገና ጥግ አስይዝ። ጎማው ሊጡን ይጨፈልቀዋል። መልሰህ የተጨፈለቀውን ውፍረት በካሊፐር ለካ። ጎማው ሊጡን ካልነካው ሊጥ ጨምር።

በሁለቱም ጎማ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይህን አድርግ። አራት ቁጥር ይኖርሃል። የሚሠራው ትንሹ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በትንሽ መኪና ላይ ለእያንዳንዱ 1 ሚሜ ሮንዴላ የጎማው ጠርዝ 3 ሚሜ ያህል ይጠጋል። ደግሞም 10 ሚሜ ሁልጊዜ ይቀመጣል፣ አይነካም። መኪናው ሲጫን፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታና ጎማ ላይ ጭቃ ሲለጠፍ የሚበላው እሱን ነው። ሊጡ 20 ሚሜ ቢል፣ 10 ታስቀራለህ፣ ቀሪው 10 ለ3 ሲካፈል 3 ሚሜ ይሆናል። ሊጡ 12 ቢል ግን መልሱ «አይሆንም» ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ራሱን የሚያታልለው። 12ቱን በሙሉ ለ3 አካፍሎ 4 ሚሜ ያሠራል፤ ከዚያ ሁለት ሰው ከኋላ ጭኖ ዳገት ላይ ሲያጥፍ ጎማው ይጮሃል።

ለ. የቱቦውና የመገጣጠሚያው ቦታ

ጎማውን አውጣ። የውጭ ቴስቲናውን ከክንዱ ፍታ፤ አፈታቱ ደረጃ 5 ላይ አለ። አሁን ጎማ ተሸካሚውን በእጅህ ከቀድሞው ጥግ አሳልፈህ ማዞር ትችላለህ። ጥቂት ዲግሪ አሳልፈውና ሦስት ነገር እይ።

የፍሬን ቱቦው ተወጠረ? የኤቢኤስ ሽቦ ካለ እሱስ? የፊት ጎማ የሚጎትት መኪና ከሆነ በዚያው ማዕዘን ላይ የጎማ መቀመጫውን በእጅህ አሽከርክር። እየያዘ የሚለቅ ወይም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ስሜት ካለ መገጣጠሚያው ገደቡ ላይ ደርሷል። ቦታ የለህም።

ሐ. የክንዱ አቅጣጫ

«መሪው አልመለስ አለኝ» የሚለው ቅሬታ የሚወለደው እዚህ ነው። ቴስቲናውን መልሰህ እሰርና መሪውን ጥግ አስይዝ። የቴስቲናው ዘንግና የጎማ ተሸካሚው ክንድ የሚሠሩትን ማዕዘን ከሥር ወይም ከላይ እይ። ሁለቱ ቀጥ ያለ አንድ መስመር ወደ መሆን ከተቃረቡ ተው። ከዚያ ካለፉ ዘንጉ ክንዱን ሊመልሰው አይችልም፤ ጎማው ወደ ሌላው ወገን ይቀለበሳል። እየነዳህ ይህ ከደረሰ መሪ የለህም ማለት ነው። ግራውንም ቀኙንም ጎማ እይ።

መ. የብሎኑ ጥርስ

የራኩን ጎማ ሽፋን ገፍተህ የውስጥ ቴስቲናውን ፍታ፤ አፈታቱ ደረጃ 5 ላይ አለ። የጥርሱን ርዝመትና ውፍረት ለካ። ሮንዴላው ከዚህ ርዝመት ላይ ይቀንሳል። ቀሪው ጥርስ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት። ብሎኑ 14 ሚሜ ከሆነ ቢያንስ 14 ሚሜ ጥርስ ይግባ። ጥርሱ 17 ሚሜ ከሆነ ከ3 ሚሜ በላይ ሮንዴላ የለህም። መኪናው ላይ ቦታ ቢኖርም የለህም። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ይህ ብሎን ከለቀቀ ጎማው ወደፈለገው ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ ሮንዴላውን አሠራ

ቶርኖ ቤት ሂድ። አንድ ቁራጭ ብረት ይሁን። አሉሚኒየም ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ብሎኑ ይላላል። ከሱቅ የተገዛ ተራ ሮንዴላ ሁለት ሦስት መደራረብም ይቅርብህ። ፊታቸው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይረግባሉ።

ለቶርኖ ሠራተኛው የምትሰጠው ልክ ሦስት ነው።

የውስጥ ቀዳዳ፦ ከብሎኑ በግማሽ ሚሜ ያህል የሰፋ።

የውጭ ስፋት፦ ከራኩ ዘንግ ስፋት በትንሹ ያነሰ። ይህን በቀይ አስምርበት። «ምንም ለውጥ የለም» የሚለው ሰው ሮንዴላ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ስፋቱ የቴስቲናውን ራስ ያህል ሆኖ ይገኛል። ሰፊ ሮንዴላ ራሱ ሄዶ ከራኩ ቤት አፍ ጋር ይጋጫል። ዘንጉ ድሮ የቆመበት ቦታ ላይ ይቆማል። ሮንዴላው ከዘንጉ ጋር አብሮ ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

ውፍረት፦ ከደረጃ 3 ያገኘኸው ትንሹ ቁጥር። ሁለቱ ሮንዴላዎች እኩል ይሁኑ፤ ቶርኖ ቤቱ እያለህ በካሊፐር አረጋግጥ። ጠርዛቸው ይለስልስ። ሹል ጠርዝ የኃይል መሪ ያለው ራክ ላይ የዘይት መያዣውን ላስቲክ ይቆርጣል።

አንድ ነገር አትርሳ። የቀድሞው ባለጥፍር ሮንዴላ ራሱ ውፍረት አለው። እሱን አውጥተህ በቦታው 3 ሚሜ ካስገባህና የእሱ ውፍረት 2 ሚሜ ከነበረ የጨመርከው 1 ሚሜ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ፍታ

1. የመሪው ቁልፍ እንዳይቆልፍብህ ቁልፉን ክፈት፤ ሞተር ግን አይነሳ።
2. በውጭ ቴስቲናውና በዘንጉ መካከል ያለው መቆለፊያ ዳዶ የቆመበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርግ። ሙሉ ርዝመቱንም ለካና ጻፍ።
3. የውጭ ቴስቲናውን ዳዶ የያዘችውን የታጠፈች ሽቦ አውጣ። ዳዶውን አላላ፣ ግን ጫፉ ላይ ተወው።
4. የክንዱን ጎን፣ ቴስቲናው የገባበትን ዓይን፣ በመዶሻ ጠንከር አድርገህ ምታ። ሁለት ሦስት ምት ይበቃል። የብሎኑን ጫፍ ከሥር አትምታ፤ ጥርሱ ይጨፈለቃል፣ ዳዶውም ዳግም አይገባም።
5. የጎማ ሽፋኑን ፋሼታ ቁረጥና ሽፋኑን ወደ ውጭ ግፋ። ውስጡ ውሃ ወይም ዝገት ካለ ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ነው፤ ቀይረው።
6. የባለጥፍሩን ሮንዴላ ጥፍሮች አቅና።
7. ቴስቲናውን ስትፈታ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ያዝ። ዘንጉ ላይ ጠፍጣፋ የቁልፍ ቦታ ካለ እዚያ ያዝ። ከሌለ ጥርሱ ያለበትን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። የሚያብረቀርቀውን ልሙጥ ቦታ በጅራቱቢ አትንካ። አንድ ጭረት ከተገኘ ዘይቱ በዚያ ያፈሳል፤ ከዚያ በኋላ የምታወራው ስለ ራክ ዋጋ ነው።

አልፈታም ካለ፦ አትታገል። ደብሊውዲ 40 ርጨህ ግማሽ ሰዓት ተው። እሳት አትጠቀም፤ የቴስቲናው ውስጥ ፕላስቲክና ግራሶ አለ፣ የራኩም ላስቲክ ቅርብ ነው።

ደረጃ 6፦ አስገባ

1. የዘንጉን ጫፍና የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጥረግና አድርቅ። ዘይት ያለበት ጥርስ ላይ ሎክታይት አይይዝም።
2. ሮንዴላውን ብሎኑ ላይ አድርግ። ባለጥፍሩን የምታቆየው ከሆነ ያንተ ሮንዴላ ወደ ራኩ በኩል፣ ባለጥፍሩ ወደ ቴስቲናው በኩል ይሁን።
3. ጥርሱ ላይ ሰማያዊ ሎክታይት ጠብ አድርግ። ቀዩን አትጠቀም፤ ያለ እሳት አይፈታም።
4. በእጅህ እስከ መጨረሻው አስገባ። በእጅ ካልገባ ጥርሱ ተሳስቷል፤ አውጣና ጀምር።
5. በቶርክ ቁልፍ አጥብቅ። ልኩ የመኪናው ማኑዋል ላይ አለ። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ከ60 እስከ 100 ኒውተን ሜትር ነው። ዘንጉን እንደ ቅድሙ መያዝ አትርሳ።
6. ጥፍሮቹ የሚደርሱ ከሆነ እጠፋቸው። ሮንዴላው አርቋቸው ካልደረሱ ሥራው የሎክታይቱና የቶርኩ ነው፤ ደረጃ 8ን ይበልጥ አጥብቀህ ያዝ።
7. በዘንጉና በቴስቲናው ላይ አንድ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አስምር፤ ድጋሚ ፍተሻው ላይ ያስፈልግሃል። ሽፋኑን መልስ፣ አዲስ ፋሼታ እሰር። ሽፋኑ እንዳይጠመዘዝ ተጠንቀቅ።

ሁለቱንም ወገን ሥራ። አንዱን ብቻ ካስገባህ መሪው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጨምራል፤ መኪናውም ግራና ቀኙ እኩል አይታጠፍም።

ደረጃ 7፦ ጎማውን አቅና

ሮንዴላው ዘንጉን በውፍረቱ ልክ ስላስረዘመው ጎማዎችህ አሁን ቀጥ ብለው አይቆሙም። ራኩ ከጎማው መሃል በስተኋላ ከሆነ ፊታቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። በስተፊት ከሆነ ወደ ውጭ ተከፍቷል። እንዲሁ ከነዳኸው ጎማውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ላጭቶ ይጨርሰዋል።

የጨመርከውን እዚያው ቀንስ። የቴስቲናው ዘንግ ጥርስ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሜ ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር 1.5 ሚሜ ነው። ለ3 ሚሜ ሮንዴላ ዘንጉን ወደ ውጭ ቴስቲናው ሁለት ዙር አስገባ። በሁለቱም ወገን እኩል ዙር ይሁን፤ አለበለዚያ መሪው ተጣሞ ይቀመጣል። ቅድም የጻፍከው ርዝመት እዚህ ያግዝሃል። ዳዶው ለመግባት ቦታ ካጣ ዘንጉን አትቁረጥ፣ ቀጭን ሮንዴላ አሠራ።

የውጭ ቴስቲናውን እሰር፣ አዲስ ሽቦ አስገብተህ እጠፍ። ጎማውን መልስ። ከዚያ ሲባጎውን ከኋላ ጎማ ጎን አስረህ እስከ ፊት ዘርጋና ፊቱ ቀጥ ማለቱን እይ። ይህ ቀስ ብለህ ወደ አላይመንት ቤት ለመድረስ ብቻ ነው። አላይመንቱ አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ሞክር

ካቫሌቶው ላይ እያለ፦ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለህ አዙር። ቱቦውን፣ ሽቦውንና ሽፋኑን ሌላ ሰው ይይ። ጎማውን በእጅህ ግራና ቀኝ ይዘህ አነቃንቅ፤ ልልነት ካለ አላጠበቅህም።

አውርደህ፣ ሞተር አስነስተህ፦ ጥግ አስይዝ። የኃይል መሪ ከሆነ ከ5 ሰከንድ በላይ ጥግ ላይ አትያዘው፤ ፖምፓው ይሞቅብሃል።

በባዶ ሜዳ፦ በእርምጃ ፍጥነት ሙሉ ጥግ አስይዘህ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ዙር፣ ወደ ኋላም ዙር። አንድ ጎማ ትንሽ ጉብታ ላይ ሲወጣም ሞክር፣ የሚፋቀው ያኔ ነው። ሰው ጭነህም ድገም። መሪውን ለቀቅ ስታደርገው በራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወደ መንገድ አትውጣ።

ሲበላሽ

ጎማው ይፋቃል፦ የተፋቀውን ቦታ በጣትህ ዳስስ። ፕላስቲክ ከሆነና ትንሽ ከሆነ ፕላስቲኩን ማሰር ይበቃል። ብራቾ፣ ባራ ወይም ቱቦ ከሆነ በ1 ሚሜ የቀነሰ ሮንዴላ አሠራ።

ስትታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፦ የፊት ጎማ የሚጎትት መኪና ላይ መገጣጠሚያው ነው። ሮንዴላውን አውጣ። ድምፁ ከቀጠለ መገጣጠሚያው ቀድሞም ያረጀ ነበር።

ጥግ ላይ «ጓ» ብሎ ይቆማል፦ ራኩ ቤት ውስጥ ያለው የኃይል መሪ ፒስተን ወይም የዘንጉ ጥርስ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ራኩ ከዚህ በላይ አይሰጥህም። ውፍረቱን ቀንስ።

ቀጥ ብለህ ስትነዳ መሪው ተጣሞ ይቀመጣል፦ የሁለቱ ወገን ዙር አልተመጣጠነም። ደረጃ 7ን ድገም።

ድጋሚ ፍተሻ

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ሽፋኑን ገፍተህ የውስጥ ቴስቲናውን ነጭ ምልክት እይ። ምልክቱን ያላደረግህ ከሆነ አሁን በዘንጉና በቴስቲናው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ከጎንደር ደባርቅ ይህን ያህል ነው። ከደባርቅ አልፈህ ሊማሊሞን የምትወርድ ከሆነ ፍተሻውን ከመውረድህ በፊት አድርግ እንጂ ስትመለስ አይሁን። መስመሩ ከተነጣጠለ ቴስቲናው እየላላ ነው፤ ፍታው፣ አጽዳ፣ በአዲስ ሎክታይት እሰር። ከዚያ በየዘይት ቅያሪው አንድ ጊዜ እየው። ለቦሎ ምርመራ ስትገባም የሠራኸውን ንገራቸው፤ መሪውን ሲነቀንቁ የሚያገኙት ያንኑ ቦታ ነው።